በካራካልፓክ የጉዞ ጽሑፍ የተፈጥሮ ገለጻ እንዴት ይነበባል?

ካራካልፓክስታን በኡዝቤኪስታን ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ራስ ገዝ ሪፐብሊክ ናት። ስፋቷ ከ160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከኡዝቤኪስታን መሬት ከሲሶ በላይ የሚሆነው የእሷ ነው። ሕዝቧ ግን ቢበዛ 2 ሚሊዮን ያህል ነው፤ አብዛኛውም በአሙ ዳርያ ወንዝ ዳርና በመስኖ ቦዮቹ ግራና ቀኝ ሰፍሮ ይኖራል። ከፓሚር ተራሮች የሚነሳው ይህ ወንዝ በረሃውን አቋርጦ ወደ አራል ባሕር ይገባ የነበረው በዚሁ አገር ነው።

መንገደኞች በዚህ ምድር እያለፉ ያዩትን መጻፍ ከጀመሩ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኗል። ጽሑፎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን ግራ ይጋባል። አንዱ አውሬ የሚያደባበት የወንዝ ዳር ጫካ ያለበትን ስፍራ ሌላው ጨው የለበሰ ሜዳ ነው ይለዋል። አንዱ ባሕሩ እየሸሸ ነው ሲል፣ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ የመጣው ውሃው እየጨመረ ነው ይላል። አብዛኞቹ አልዋሹም። ወንዙ አልጋውን፣ ባሕሩ ዳርቻውን የሚቀያይርበት አገር ስለሆነ ሁሉም በየዘመኑ ያየው ሌላ ነው። ስለዚህ አንድን ገለጻ ከማድነቅም ከመጠራጠርም በፊት ሦስት ነገር ማጣራት ያስፈልጋል፦ በየትኛው ዓመት ተጻፈ፣ በየትኛው ወቅት፣ ጸሐፊውስ ከየት አቅጣጫ መጣ? ይህ ማብራሪያ እነዚህ ጥያቄዎች ለምን ወሳኝ እንደሆኑ ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዓይነት መንገደኛ

ስለዚህ አገር የተጻፈው የጉዞ ጽሑፍ ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። አንደኛው ከውጭ የመጣው ሰው ነው፦ የአረብ መልእክተኛ፣ የእንግሊዝ ነጋዴ፣ የሩሲያ መኮንን፣ የሳይንስ ተመራማሪ። እሱ የሚጽፈው አይቶት ለማያውቅ አንባቢ ስለሆነ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ይዘረዝራል። የውሃውን ጣዕም፣ የበረዶውን ውፍረት፣ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ ያለውን የመንገድ ርቀት ይነግረናል።

ሁለተኛው ምንጭ የካራካልፓኮች የራሳቸው ቃል ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የስደት ቃል ነው። ካራካልፓኮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሲር ዳርያ ወንዝ አካባቢ ይኖሩ ነበር። በ1743 የካዛኩ ኻን አቡልኻይር ከወረራቸው በኋላ ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፤ በመካከላቸው የነበረው የኪዚልኩም በረሃ ነው። ያን ዘመን በግጥም ካስቀሩት አንዱ ጂየን ዢራው ነው። ዢራው ማለት ኮቢዝ የሚባለውን በፈረስ ጭራ ደጋን የሚገረፍ መሣሪያ እየመታ የሚያዜም ባለቅኔ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አጂኒያዝ (1824–1878) ቦዛታው የሚባለው መንደር በጦር ተደምስሶ ሕዝቡ ሲነዳ ቦታውን በስሙ እየጠራ፣ ሰው እንደሚሰናበት አድርጎ ተሰናብቶታል።

በሁለቱ ምንጮች መካከል ያለው ልዩነት ለአንባቢም ለተርጓሚም ትልቅ ነው። የውጭው ሰው “ምን ይመስላል” ለሚለው ይመልሳል። የአገሩ ባለቅኔ ግን አሸዋው ምን እንደሚመስል ሊነግረን አይቸኩልም፤ ሰሚው ያውቀዋል። እሱ የሚዘረዝረው ስም ነው፦ የጉድጓድ ስም፣ የቦይ ስም፣ የደሴት ስም። ቅጽሉ ጥቂት፣ ስሙ ብዙ ነው። ብዙ ተርጓሚዎች ስሞቹ ለአንባቢ ይከብዳሉ ብለው “ያ ጉድጓድ”፣ “ያ ሜዳ” እያሉ ያልፏቸዋል። እንዲህ ሲደረግ ግጥሙ ካርታውን ያጣል፤ በዚህ ግጥም ውስጥ ደግሞ የተፈጥሮ ገለጻው ካርታው ነው። ስሞቹ መቅረት የለባቸውም።

በሶቪየት ዘመን ሦስተኛ ዓይነት ተጨመረ፣ ኦቸርክ የሚባለው የጋዜጠኛ የጉዞ ድርሰት። መልኩ የታወቀ ነው። ጸሐፊው በመንገድ ይጀምራል፣ ባዶ በረሃ ያሳያል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ በመጨረሻ ጥጥ ይታያል። በረሃው ባዶ ተደርጎ የሚሣለው ቦዩ ድል እንዲመስል ነው። ይህን አካሄድ ያላወቀ አንባቢ በ1950ዎቹ የተጻፈ “ምንም የሌለበት ምድር” የሚል ሐረግ አይቶ እውነት ይመስለዋል፤ በዚያ መሬት ግን እረኞች ከጥንት ጀምሮ ያግዱበት ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ደራሲው ቶለፕበርገን ካይፕበርገኖቭ (1929–2010) ያሉ የካራካልፓክ ጸሐፊዎች የአራል ባሕርን መድረቅ በይፋ መናገር ጀመሩ።

አራቱ መሬቶች

“በረሃ” የሚለው አንድ ቃል ለዚህ አገር አይበቃም። አራት የተለያዩ መሬቶች አሉ፤ ጥሩ የጉዞ ጸሐፊም አንዱን ከሌላው ሲለይ ይታወቃል።

መጀመሪያ ደልታው ነው፣ ወንዙ ወደ ባሕሩ ሲቃረብ የሚከፋፈልበት ደለላማ ምድር። አሙ ዳርያ ደለል የበዛበት ቡናማ ወንዝ ነው፤ የተቀዳ ውሃ እንዲረጋ ጥቂት ካልተተወ አሸዋው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። በዳርቻው ቱጋይ የሚባል ጫካ ይበቅላል። ቱጋይ ከፍ ያለ ደን አይደለም፤ ጎርፍ በሚደርስበት ዳርቻ ላይ የተዘረጋ፣ ከዚያ ሲርቁ ወዲያው የሚያልቅ ጠባብ መቀነት ነው። በውስጡ አኻያ፣ ታማሪስክ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚሆን ሸምበቆ፣ ቅጠሉ ብር የሚመስልና አበባው በግንቦት ከሩቅ የሚሸት ጂይዳ፣ እንዲሁም ቱራንጋ የሚባለው የበረሃ ፖፕላር አለ። ቱራንጋን ቀረብ ብሎ ላየው አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው፦ በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። ለጋው ቅርንጫፍ እንደ አኻያ ረጅምና ጠባብ ቅጠል ሲይዝ፣ የጠናው ሰፊና ክብ፣ ጠርዙ የተተለተለ ቅጠል ይይዛል። ይህን ያላወቁ መንገደኞች አንዱን ዛፍ ሁለት ዝርያ አድርገው ቆጥረውታል። በዚህ ጫካ ውስጥ ባለ መስመሩ የካስፒያን ነብር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ድረስ ነበረ፤ ዛሬ የለም። የቡኻራ አጋዘን ግን አሁንም አለ፤ በ1971 የተቋቋመው የባዳይ ቱጋይ ጥብቅ ስፍራ ለእሱና ለጫካው መጠጊያ ሆኗል።

የዚህ ወንዝ ገለጻ ያለ ደይጊሽ አይሟላም። ደይጊሽ የአገሩ ሰው ወንዙ ዳርቻውን በልቶ የሚንድበትን ሁኔታ የሚጠራበት ስም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንዙ የሚሄድበት አፈር ልልና አሸዋማ ነው። የሚሸከመው ደለል መሃል ላይ ተከማችቶ ደሴት ይሠራል። ደሴቱ ፍሰቱን ወደ አንዱ ዳር ይገፋዋል። ውሃው የዳርቻውን እግር ከሥር ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው መሬት መቆሚያ ሲያጣ በትላልቅ ጓል እየተቆረሰ ይወድቃል። ሜዳ፣ የፍራፍሬ ቦታ፣ ቤትም ይሁን አይለይም። የካራካልፓክስታን የቀድሞ ዋና ከተማ ቱርትኩል በዚህ መንገድ ስለተበላች ነው በ1930ዎቹ ዋና ከተማነቱ ወደ ኑኩስ የዞረው። እንግዲህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መኮንን “ከተማዋ ከወንዙ ራቅ ብላ ተቆርቁራለች” ብሎ ጽፎ ቢገኝ፣ የዛሬው አንባቢ በካርታ ፈልጎ ቢያጣት ጸሐፊው ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መሬት ኡስትዩርት ነው፣ በምዕራብ በኩል ያለው አምባ። ላዩ ለጥ ያለ ነው፤ ጠርዙ ግን ቺንክ በሚባል ገደል ይቆረጣል፣ በአራል በኩል በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ ድርብርብ የኖራ ድንጋይና ሸክላ ይታይበታል። አቅጣጫ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከምዕራብ፣ ከካስፒያን ባሕር በኩል የመጣ መንገደኛ ቺንኩን የሚያየው ከላይ ነው፤ ስለዚህ “ምድር በድንገት አለቀች” ይላል። ከደልታው ወይም ከመርከብ ያየው ግን ከታች ነው፤ “ግንብ ተጋረጠ” ይላል። ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚገልጹት። በአምባው ላይ የሚበዛው ቁጥቋጦ የእኛ አገር ጭቁኝ ዘመድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ወይም ሰኮና ሲረግጠው የሚሰጠው መራራ ሽታ በብዙ የኡስትዩርት ገለጻዎች ውስጥ ከዓይን በፊት ይደርሳል። ሳይጋ የሚባለው አፍንጫው እንደ ኩምቢ የተንጠለጠለ ሚዳቋም የዚህ አምባ ነዋሪ ነው።

ሦስተኛው ኪዚልኩም፣ በምሥራቅ ያለው አሸዋ። ብዙ ጸሐፊዎች በዓይነ ሕሊናቸው ሰሃራን ይዘው ይመጡና የሌለ የአሸዋ ክምር ይሥላሉ። አብዛኛው ኪዚልኩም ቁጥቋጦ ሥር ሰዶበት የረጋ አሸዋ ነው፤ በመሃሉ ደግሞ ታኪር የሚባል ጠፍጣፋ ሸክላ ሜዳ አለ። ታኪር ሲደርቅ በብዙ ማዕዘን ይሰነጣጠቃል፣ እንደ አስፋልትም ይጠነክራል፤ ጥቂት ዝናብ ከነካው ግን መኪና አይወጣበትም። የዚህ መሬት ዋና ዛፍ ሳክሳውል ነው። ሳክሳውል እንደ ሌላ ዛፍ ቅጠል የለውም፤ የቅጠልን ሥራ የሚሠራው አረንጓዴው ቀጭን ጭራሮ ነው። እንጨቱ ከክብደቱ የተነሳ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሲነድ እንደ ከሰል ይግላል። በአንድ የጉዞ ጽሑፍ ውስጥ መንገደኛው “በሳክሳውል ጥላ ሥር ተጠልሎ” ካረፈ ያ ገለጻ ከጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ የሳክሳውል ጥላ ከፀሐይ አያስጥልም። ሱልጣን ኡቫይስ የሚባሉት ተራሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ እንደ ትልቅ ሰንሰለት ይገልጿቸዋል፣ ከፍታቸው ግን 473 ሜትር ብቻ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሜዳ በሆነበት ቦታ ይህም ጎልቶ ይታያል።

አራተኛው መሬት ከ1960 በፊት በየትኛውም ጽሑፍ አይገኝም፤ ምክንያቱም አልነበረም። አራልኩም ይባላል፣ ከደረቀው የባሕር ወለል የተፈጠረ በረሃ ነው።

ወቅቱን ያልጻፈ ጸሐፊ

በኑኩስ አካባቢ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በጋው፣ ማለትም ሞቃቱ ወቅት፣ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ፣ ክረምቱ፣ ማለትም ቀዝቃዛው ወቅት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ጸደይ አጭር ነው፤ በሚያዝያ አሸዋው ላይ ቱሊፕና ሣር ይወጣል፣ በሰኔ ግን ሁሉም ተቃጥሎ ገለባ ሆኗል። በሚያዝያ ያለፈ ሰው የአበባ ምድር ይጽፋል፣ በሐምሌ ያለፈው የአመድ ምድር።

አንባቢን ከሁሉ የበለጠ የሚያደናግረው ግን ወንዙ ነው። አሙ ዳርያ የሚሞላው ዝናብ ጠብታ በማይጥልበት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ ነው፤ የሚያሳድገው የፓሚር በረዶ ሲቀልጥ ስለሆነ። ግብፅ ሳይዘንብባት በእኛ የዝናብ ክረምት አባይ እንደሚሞላላት ማለት ነው። ስለዚህ “በጋው አናት ላይ ወንዙ ዳርቻውን አልፎ ጎረፈ” የሚል ዓረፍተ ነገር የአሳታሚ ስህተት አይደለም። በተቃራኒው በክረምት መሃል የተሻገረ ሰው ወንዙን ቀጭንና በረዶ ያዘለ አድርጎ ቢጽፈው ልክ ነው።

ቁጥር ሲገኝ

ከ921 እስከ 922 ባለው ክረምት ከባግዳድ የተላከው መልእክተኛ ኢብን ፋድላን ጁርጃንያ በምትባለው ከተማ ተቀመጠ። ፍርስራሿ ዛሬ ከካራካልፓክስታን ድንበር ማዶ በቱርክሜኒስታን ይገኛል። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ረግቶ፣ የበረዶው ውፍረት 17 ስንዝር ሆኖ፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ጋሪ እንደ መንገድ እየሄዱበት ሦስት ወር ቆየ ይላል። ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ቤቱ ሲገባም ጢሙ በረዶ ጓል ሆኖ እሳት ላይ ያቀልጠው እንደነበር ጽፏል።

አሁን ይህን እንመዝነው። 17 ስንዝር ወደ 4 ሜትር ገደማ ነው። የሚፈስ ወንዝ ላይ በረዶ የሚወፍረው ከሥሩ ነው፤ እየወፈረ ሲሄድ ግን ራሱ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ ያለውን ቅዝቃዜ ስለሚከለክል እድገቱ ይዘገያል። በዚህ የአየር ጠባይ 4 ሜትር መድረስ አይችልም። ቁጥሩ ከሰው የተሰማ፣ ወይም የበረዶ ጓሎች ተደራርበው ከተቆለሉበት ቦታ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ጋሪ ማለፉ ግን ሌላ ነገር ነው። የተጫነ ጋሪ ለመሸከም 4 ሜትር አያስፈልግም፣ ከግማሽ ሜትር ያነሰ ጠንካራ በረዶ ይበቃል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ይቆማል። የጢሙም ነገር እንዲሁ፤ በራሱ አካል የደረሰ፣ ለማጋነን የማይመች ትንሽ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ጽሑፎች ላይ የምንመክረው አካሄድ ይኸው ነው፦ ጸሐፊው ያልለካውን ቁጥር በጥርጣሬ እንያዝ፣ ሰዎች በተፈጥሮው ላይ ሲያደርጉ ያየውን ድርጊት ግን እንመን።

ከ400 ዓመት በኋላ በኽዋሬዝም፣ በዚሁ በታችኛው አሙ ዳርያ አገር፣ ያለፈው መንገደኛ ኢብን ባቱታ የዚያው ወንዝ መርጋት 5 ወር ይቆያል ይላል። ክረምት ከክረምት ይለያያል፣ መለኪያም አልነበረም። እሱ ይበልጥ የሚታመነው ስለ ሐብሐብ ወገን ስለሆነው የአገሩ ሜሎን ሲናገር ነው፦ ልጣጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቀይ፣ በቁመቱ እየተሰነጠቀ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ እስከ ህንድና ቻይና ይላካል። ሜሎን በቁመቱ እየሰነጠቁ ማድረቁ ዛሬም በዚያ አካባቢ አለ።

ባሕሩ የት ነበር?

በ1558 እንግሊዛዊው ነጋዴ አንተኒ ጄንኪንሰን ከካስፒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ኡርጌንች ከተማ ሲጓዝ ውሃው ጣፋጭ የሆነ አንድ የባሕር ሰርጥ ላይ ደረስኩ ብሎ የካስፒያን ክፍል አድርጎ ጻፈው። ካስፒያን ጨዋማ ነው። ያየው ሳሪካሚሽ የሚባለውን ሐይቅ እንደሆነ ይታመናል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ የአሙ ዳርያ ውሃ በከፊል ወደ ምዕራብ ዞሮ ያን ጎድጓዳ ሞልቶት ነበር፤ በኋላ ወንዙ ወደ አራል ሲመለስ ሐይቁ ደረቀ። ከእሱ በኋላ የመጡ ካርታ ሠሪዎች ስህተቱን በመገልበጣቸው ወንዙ በካርታ ላይ ለረጅም ጊዜ ወደ ካስፒያን ሲፈስ ኖሯል። ጄንኪንሰን ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ የውሃውን ጣዕም መዝግቧል። ስህተቱን ለማረም የቻልነው በዚያች አንዲት ቃል ነው።

የአራል ባሕር በደንብ የተለካው በ1848 እና በ1849 ነው። የሩሲያ ባሕር ኃይል መኮንኑ አሌክሲ ቡታኮቭ ኮንስታንቲን የተባለች መርከብ በኦሬንቡርግ አሠርቶ፣ ፈታትቶ በጋሪ ስቴፑን፣ ሰፊውን የሣር ሜዳ፣ አሻግሮ፣ ሲር ዳርያ ዳር ገጣጥሞ ባሕሩን ዞረው። ሠዓሊ አድርጎ የወሰደው ዩክሬናዊውን ባለቅኔ ታራስ ሼቭቼንኮን ነበር፤ በግዞት ተራ ወታደር ሆኖ መጻፍም መሣልም የተከለከለ ሰው። የሼቭቼንኮ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ቺንኩን ከባሕር በኩል፣ ከታች ወደ ላይ ያሳያሉ፤ ውሃው የገደሉን እግር የሚነካበትን ዘመን በዓይን የምናይባቸው ማስረጃዎች ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ብዙዎች መካከለኛው እስያ በጠቅላላ እየደረቀ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ የራቀ ዳርቻ ባዩ ቁጥር “ባሕሩ እየሞተ ነው” ይሉ ነበር። የሩሲያው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሌቭ በርግ ይህን በስሜት ሳይሆን በምልክት ፈተነው። በ1874 ዳርቻው ላይ የተተከለ የከፍታ ምልክት ነበር፤ በርግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ውሃውን ከምልክቱ ጋር ሲያስተያይ ከ1 ሜትር በላይ ጨምሮ አገኘው። ሥራው በ1908 ታተመ። ከዚህ ተነስተን ከበርግ በፊት የተጻፈን “የሚሞት ባሕር” ገለጻ ዛሬ ለምናውቀው ጥፋት ትንቢት አድርገን ማንበብ አይገባንም። ምክንያቱ ሌላ ነበር፣ ባሕሩም ቆይቶ ተመልሷል።

ከ1960 በኋላ

በ1960 አራል ወደ 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ በስፋት ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። ጨውነቱ በሊትር 10 ግራም ያህል ነበር፣ ካርፕና ስተርጅን የሚባሉ ዓሦች ይረቡበት ነበር። ከዚያ የሚመግቡት የሁለቱ ወንዞች፣ የአሙ ዳርያና የሲር ዳርያ፣ ውሃ ለጥጥ መስኖ ተቀዳ፤ ወደ ባሕሩ የሚገባው ከሚተነው አነሰ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሕሩ ሰሜንና ደቡብ ሆኖ ተከፈለ። በ2014 በጋ የደቡቡ ምሥራቃዊ ክፍል ሙሉ በሙሉ ደረቀ። በምዕራብ በቺንኩ ሥር የቀረው ጥልቅ ውሃ ጨውነቱ በሊትር ከ100 ግራም አልፏል፤ ዓሣ አይኖርበትም። አርቴሚያ የምትባል ጥቃቅን ፍጥረት ግን አለች፤ እንቁላሏ ለዓሣ እርባታ መኖ ይለቀማል። ሰሜኑ፣ በካዛክስታን ያለው፣ በ2005 ኮክ አራል ግድብ ከተሠራ በኋላ አገግሟል።

አራልኩምን በደንብ የሚገልጽ ጸሐፊ ከድሮው ዳርቻ ወደ ውስጥ ሲሄድ መሬቱ በተራ ሲለወጥ ያሳያል። መጀመሪያ ሻካራ አሸዋና ጥፍር የሚያክል ነጭ ዛጎል ይገኛል። ቀጥሎ የታማሪስክ ቁጥቋጦና ጨው ወዳድ ዕፅ፤ ከዚያ ለስላሳ ደለል፤ በመጨረሻ ነጭ የጨው ቅርፊት። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ አይደለም። ወንዝ የሚያመጣው ሻካራው ነገር ዳር ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ሸክላ ወደ ጥልቁ ይሄዳል፤ ደቃቁ ሸክላም ውሃን ስለሚይዝ ጨውን ወደ ላይ እየሳበ ያወጣል። መኪና የሚሰጥመውም እዚያ ነው፤ ከላይ የደረቀው ቅርፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ አለ። ነፋስ ሲነሳ ከአሸዋው ቡናማ፣ ከጨው ሜዳው ነጭ አቧራ ይወጣል። ነጩ የእርሻ ኬሚካል ቅሪትም ስለሚይዝ ለሳንባም ለማሳም ጠንቅ ነው። የአቧራውን ቀለም ሳይጽፍ “ማዕበል ተነሳ” የሚል ጸሐፊ ዋናውን ነገር ትቶታል።

የዛሬ ጽሑፎች የሚስቱበት

በደቡብ የአራል ወደብ ስለነበረችው ስለ ሞይናቅ የተጻፉ አብዛኞቹ የጉዞ ጽሑፎች የሚጀምሩት በዛጉት መርከቦች ነው። “ባሕሩ ትቷቸው በሄደበት ቆመዋል” የሚለው ግን ትክክል አይደለም። በከተማዋ ካለው መታሰቢያ ሥር የተሰለፉት መርከቦች ከተለያየ ቦታ ተጎትተው የተሰበሰቡ ናቸው፤ ሌሎች ብዙዎች ተቆራርጠው ለብረት ተሸጠዋል። እውነተኛው ታሪክ ከፎቶው ይበልጣል። ውሃው ሲሸሽ ሰዎች ቦይ እየቆፈሩ ተከተሉት፤ የዓሣ ፋብሪካው ደግሞ የራሱ ዓሣ ሲያልቅ ከሩቅ ባሕሮች በባቡር የመጣ ዓሣ እያሸገ ቆይቶ ነው የተዘጋው። ይህን የማይጠቅስ የሞይናቅ ገለጻ ብረት ብቻ ነው የሚያሳየን።

ሌላው ስህተት “አራል ጠፍቷል” ማለት ነው፤ ምዕራቡና ሰሜኑ አሉ። ሌላው ድርቅ ነው ማለት፤ ውሃው ተቀድቶ ነው። ሌላው በካዛክስታን ያለችውን አራልስክ ከሞይናቅ ጋር ማምታታት፤ ሁለቱም ወደብ ነበሩ፣ አራልስክ በሰሜን፣ ሞይናቅ በደቡብ፣ ዕጣቸውም የተለያየ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን “የጨረቃ ምድር”፣ “ሙት መሬት” የሚለው ልማድ ነው። በዚህ ቃል ሥር 2 ሚሊዮን ሰው ይሰወራል፤ ሩዝ የሚዘራ፣ በሱዶቺዬ ሐይቅ ዓሣ የሚያሰግር፣ ጨው የበላውን ማሳ በክረምት መጨረሻ በውሃ እያጠበ ለጸደይ የሚያዘጋጅ ሰው። ማሳ ማጠቡን ብቻ በደንብ የሚገልጽ ገጽ ስለዚህ አገር ከመቶ የመርከብ ፎቶ የበለጠ ያስረዳል። ውሃው ማሳው ላይ ተከልሎ ይተኛል፣ ጨውን አሟሙቶ ወደ ታች ይወስዳል፣ በማፋሰሻ ቦይ ይወጣል። ማፋሰሻው ከተደፈነ ግን ጨዋማው ውሃ ተመልሶ ወደ ተክሉ ሥር ይወጣና ማሳው ከበፊቱ ይብሳል። የካራካልፓክ ገበሬ በየዓመቱ የሚታገለው ይህን ነው፤ የጉዞ ጸሐፊ ግን በበጋ ስለሚመጣ አያየውም።

ዓመቱ ያልተጻፈበትን ገለጻ ማወቅ

ቀን የሌለው ገጽ ሲገኝ ምልክት ይፈለጋል። የነብር ዱካ ከተጠቀሰ ቢዘገይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ አያልፍም። በሞይናቅ ወደብ መርከብ ተንሳፎ ከታየ ከጥፋቱ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ቱርትኩል የወንዝ ዳር ዋና ከተማ ከተባለች ከ1930ዎቹ ወዲህ ሊሆን አይችልም። ጸሐፊው የቀድሞው የጦር ጀርም መሞከሪያ ወደነበረው ቮዝሮዥዴኒያ በጀልባ ከሄደ ከ2001 በፊት ነው፤ በዚያ ዓመት ገደማ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። በደረቀው ወለል ላይ የጋዝ ማውጫ ነበልባል ካየ ይህ የ21ኛው ክፍለ ዘመን ገጽ ነው።

የሳክሳውል ምልክት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራሱን ዘርቶ የበቀለ ሳክሳውል ተበታትኖ፣ ቁመቱ ተለያይቶ ይቆማል። በትራክተር በተቀደደ ቦይ ውስጥ እኩል ቁመት ይዞ እስከ አድማስ በመስመር ከተደረደረ የሰው ተክል ነው። ከ2018 በፊትም ተተክሏል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሄክታሮችን የሚያዳርሰው ትልቁ ዘመቻ የተጀመረው ግን በ2018 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ረድፉ ማለቂያ የሌለው ከሆነ ገጹ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ችግኙ ከጉልበት በታች ከሆነ ደግሞ ከተተከለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው።